ከተክሉ በፊት መስኮቱን እዩ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ የቅጠል ፎቶ ይመጣል። ቅጠሉ ቢጫ ነው። ከሥሩ «ምን ላድርግለት?» ይላል። እኔም የምመልሰው ሁሌ አንድ ነው፦ መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? አንዷማ «መድኃኒት ጠየቅኩሽ እንጂ ቤቴን ልታከራዪልኝ ነው እንዴ?» ብላኛለች።

ከዚህ በኋላ ለሁሉም በየተራ ከምጽፍ እዚሁ ልዘርዝረው።

ያለሁት ጅማ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ግቢ የለኝም፤ አንድ ጠባብ በረንዳ አለችኝ፣ እሷም ግማሿ የልብስ ማስጫ ናት። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚበቅለው ቤት ውስጥ ነው። ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የሥጋ መጥበሻ፣ ሁለት የቡና ችግኝ። ለጌጥ የሚሆን ተክል የለኝም ማለት ይቻላል። ቦታ የያዘ ነገር ሁሉ ወይ ይበላ፣ ወይ ይሽተት ባይ ነኝ።

ወደ መስኮቱ እንመለስ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ የፈረንጅ መመሪያዎች «ደቡብ የሚያይ መስኮት ምረጡ» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው። እነሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። እኛ ጋ ፀሐይ ወገን ትቀይራለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት። ከጳጉሜን ጀምሮ እስከ መጋቢት ደግሞ በደቡብ በኩል። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ትዘረጋለች። ሰኔ ላይ እዚያው መስኮት ላይ አንድም ጨረር አታገኙም። «ተክሌ ለስድስት ወር እንዲህ አምሮበት ምን ነካው?» የምትሉ ሰዎች፣ ምንም የነካው ነገር የለም። ፀሐይዋ ናት ጥላው የሄደችው።

«እሺ፣ ክረምት ላይ ወደ ሰሜኑ መስኮት ላዙረዋ» ትሉ ይሆናል። እሱም ብዙ አያዋጣም። በሰኔ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ ወደ ሰሜን 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምታዘነብለው። የላይኛው ፎቅ በረንዳ ወይም የጣሪያው ክፈፍ ይጋርዳታል። በዚያ ላይ ደመናው አለ።

ለጅማ ቤት አንድ መስኮት ምረጪ ብባል ምሥራቅ የሚያየውን ነው የምመርጠው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክረምት ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ ጠዋት ወገግ ይላል፤ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ምዕራብ የሚያይ መስኮት ክረምቱን ሙሉ ደመና ሲጠብቅ ይከርማል። በበጋ ግን ምዕራቡም ጥሩ ነው፤ ለቃሪያና ለሥጋ መጥበሻ እንዲያውም ይመቻል። የእኔ የመኝታ ቤት መስኮት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ጅሬን በኩል ያያል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ጋራ ማለቴ ነው። ክረምት ሲገባ ሁሉም ተክል ወደዚያ ይጎርፋል። መጋረጃ መዝጋት አቁሜያለሁ።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። ዓይናችን ያታልለናል። ሳሎን መሀል ቁጭ ብለን «ቤቴ ብርሃን ነው» እንላለን። ለእኛ ነው እንጂ ለተክል አይደለም። ጠራ ባለ ቀን ደጅ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። የክፍሉ ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ስትርቁ አብዛኛው ብርሃን ጠፍቷል። ዓይን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታወቀንም።

መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። ነጭ ወረቀት ተክሉ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንጥፉ። እኩለ ቀን ላይ መዳፋችሁን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ባልሞላ ከፍታ ላይ ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ከታየ ቃሪያና ሥጋ መጥበሻ ይሆንበታል። ጥላው ካለ ግን ጣቶቹ ካልተለዩ ለቡና ችግኝ ይበቃል። ጥላው ጭራሽ ከሌለ እዚያ ቦታ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመስኮት መስታወት አጽዱ። ከመንገድ የሚነሳው አቧራ በጥር ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ቅጠሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ቡና በተፈላ ቁጥር እጣን የሚጨስበት ቤት ከሆነ ደግሞ የበለጠ። የጭሱ ጥቀርሻ ቅጠሉ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለ አምፖልም ይጠይቁኛል። ቤት ውስጥ ስለማሳደግ ኢንተርኔት ላይ ከፈለጋችሁ ብዙው ምክር የካናቢስ አብቃዮች ሆኖ ታገኙታላችሁ። ተክሉ በአገራችን በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው፤ እኔም ወደ ሰፈራቸው የሄድኩት ለቃሪያ ብዬ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ስለ ብርሃን፣ ስለ አየርና ስለ ሥር እንደ እነሱ የተጨነቀ ሰው የለም። ከእነሱ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ መብራት ከቅጠሉ ራቅ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ክፉኛ ይቀንሳል። የተውኩላቸው ደግሞ የሰዓት ቆጠራቸውን ነው። የእነሱ ተክል ለማበብ የሌሊቱን ርዝመት ይጠብቃል። 18 ሰዓት ብርሃን ሲሰጡት ቅጠል እያወጣ ይቆያል፤ ወደ 12 ሲያወርዱት ያብባል። ቃሪያ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። የቀኑ ርዝመት አይገደውም። ለነገሩ ጅማ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራ ውድ መብራት አያስፈልጋችሁም። ነጭ የሚያበራ ተራ የኤልኢዲ አምፖል ለችግኝ ይበቃል። ከችግኙ አናት በላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አንጠልጥሉት። ኮርኒስ ላይ ያለው አምፖል ለተክሉ ምንም አይፈይድለትም። 15 ዋት አምፖል በቀን 12 ሰዓት ብታበሩ በወር 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪ የሚያስጮህ አይደለም። መብራት ሲሄድ ደግሞ አትደንግጡ። አንድ ሁለት ቀን ቢጨልምበት አይሞትም።

ችግኛችሁ ቀጥኖ ከረዘመና ወደ መስኮቱ ከተጋደመ ብርሃን አንሶታል። ዕቃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ አዙሩት። ጠዋት ጠዋት በመዳፍ ከላይ ለስለስ አድርጎ መዳሰስም ግንዱን ያጠነክረዋል። ደጅ ቢሆን ነፋስ ይሠራለት የነበረውን ሥራ ነው የምትሠሩለት። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ስቄ ነበር፤ ግን እውነት ነው።

አሁን ስለ ውሃ።

ጅማ በጥም የሞተ የቤት ተክል ብዙ አላየሁም። ያየሁት በውሃ የሞተ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ቤቱ ራሱ ይረጥባል፣ ግድግዳው ይሻግታል፣ ጫማ አልጋ ሥር ነጭ ሆኖ ይገኛል። በዚህ አየር ውስጥ የዕቃው አፈር በሳምንትም ላይደርቅ ይችላል። እኛ ግን በየጠዋቱ በጣሳ እንገለብጥበታለን። አፈሩ ውስጥ ያለው አየር ቦታውን ለውሃ ይለቃል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ «ጠማው» ብሎ ይጨምርበታል። በቃ፣ አበቃለት ማለት ነው።

ቀን ቆጥራችሁ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ወይም ዕቃውን አንሡት፤ ከባድ ከሆነ ውሃ አለው፣ ከቀለለ ውሃ ይፈልጋል። ሲጠጣ ደግሞ በደንብ ይጠጣ፣ ከታች እስኪወጣ ድረስ። ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ግን ድፉት። ጊዜው ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል፤ ሻጋታ የሚወደው ይህንን ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው ብላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። በተራ በሚመጣ ውሃ የሚኖር ሰው ይህ ጭንቀት አይደርስበትም። ጀሪካን ውስጥ ሲከርም ብዙው ይበናል፤ በተለይ ክዳኑ ክፍት ከሆነ።

የሲኒ እጣቢ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ታች ፎቅ ያሉ እማማ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጤና አዳም ምን አስቀይሜው ነው?»

ገብቼ አየሁት። የቅጠሎቹ ጫፍ በሙሉ በእሳት እንደተለበለበ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል።

«እማማ፣ ምን ያጠጡታል?»

«ምን አጠጣዋለሁ? ያው ቡና ስንጠጣ የሲኒውን እጣቢ ነዋ። ቡና ለጤና አዳም ጠላቱ ነው እንዴ?»

ቡናው አይደለም ችግሩ። እማማ ቡና በጨው ነው የሚጠጡት። በእኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት አሁንም አለ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨው አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሟል። ጨው ደግሞ ውሃ ከሥሩ መልሶ ይስባል። በስኳር የሚጠጡ ከሆነ እጣቢው ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ይጠራል፤ እሱም ጣጣ ነው። መፍትሔው አፈሩን ማጠብ ነበር። መታጠቢያው ላይ አስቀምጠን የዕቃውን ሦስት እጥፍ ያህል ንጹሕ ውሃ ቀስ እያልን አፈሰስንበት፣ ከታች እየወጣ። አዲሶቹ ቅጠሎች ደህና መጡ። እማማ አሁን እጣቢውን በረንዳ ላይ ነው የሚደፉት፤ ከሥራቸው ያለው ቤት ሰው ምን እንደሚል አልጠየቅኩም።

የቡና አተላ ራሱስ? ጥቂቱን ከብስባሽ ጋር ማዋሐድ ጥሩ ነው። እንዳለ ወፍራም አድርጎ ከላይ መከመር ግን አይሆንም። ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ውሃ አያሳልፍም።

ስለ አፈር ብዙ አልልም። የጅማ ቀይ አፈር ማሳ ላይ ድንቅ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ ግን እንደ ጡብ ይጠጥራል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ። ለሥጋ መጥበሻ አሸዋውን ጨመር አድርጉ። ብስባሹ «የበሰለ» ይሁን ማለቴን አስምሩበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። እዚህ እንደ ልብ የሚገኘው የቡና ገለፈትም ያው ነው፤ ለወራት ተከምሮ ካልበሰበሰ ችግኝ ያቀጭጫል። ጠቁሮ፣ ፍርክስክስ ብሎ፣ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። አመድ የምትጨምሩ ሰዎች በማንኪያ እንጂ በአካፋ አይሁን። ቡና በትንሹ ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚስማማው፤ አመድ ደግሞ ይህን ያጠፋበታል።

ዕቃው ምንም ይሁን፣ ከታች ይበሳ። የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የወተት ቆርቆሮ፣ ሁሉም ይሆናል። ምስማር በከሰል አግላችሁ አራት አምስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳ የሌለው የሚያምር የሸክላ ማሰሮ የገዛችሁ ሰዎች፣ ሽሮ ሥሩበት።

ወደ ተክሎቹ ልግባ።

በሶብላ ላይ ከፈረንጆቹ ጋር አንስማማም። «አበባ ሲያወጣ ቶሎ ቀንጥሱ፣ ቅጠሉ ይበዛል» ይላሉ። እነሱ የሚፈልጉት ትኩስ ቅጠሉን ነው። እኛ ደግሞ ለበርበሬና ለሽሮ የምናደርቀው ከነአበባው ነው። ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉን ቀንጥሱ። ከጎን ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። እነሱንም አንድ ጊዜ ቀንጥሷቸው። ከዚያ ግን ተዉት፣ ያብብ። አንዱ ግንድ ብዙ የአበባ ጫፍ ይሰጣችኋል። ሲያብብ ጠዋት ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ሽታው ይሄዳል።

ጤና አዳም ጸባየ ሸጋ ነው። ፀሐይ ስጡት፣ ውሃ አታብዙበት፣ ለቡናችሁ ቅጠል ይሰጣችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ብዙ ቅርንጫፍ ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፀሐይ ላይ አትውጡ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ለሕፃናት ቆዳ በተለይ ተጠንቀቁ። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ጤና አዳም ቢቀርባቸው ይሻላል።

ቃሪያ ሙቀት ይፈልጋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጅማ ሌሊት ይበርዳል፤ ያኔ የተዘራ ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። እኔ ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ፣ በፌስታል አድርጌ፣ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከኋላ የሚወጣው ሙቀት ይበቃዋል። ጫፉ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ወደ አፈር ይሄዳል።

«ቃሪያዬ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ አይዝም» የምትሉ ሰዎች ደግሞ ስሙኝ። ቤት ውስጥ ንብም ነፋስም የለም። የቃሪያ አበባ ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ግን የሚነቀንቀው ይፈልጋል። እኩለ ቀን አካባቢ ግንዱን በጣት መታ መታ አድርጉት። ቢጫው ብናኝ ሲረግፍ በዓይን ይታያል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። መታ ተደርጎም ከረገፈ ያው የብርሃን ነገር ነው፣ ወይም ብስባሽና ፍግ በዝቶበት ቅጠል ብቻ ሆኗል።

አሁን ወደምወደው፤ ቡና።

ጅማ ተቀምጦ ቡናን እንደ ቤት ተክል ማሳደግ ለአንዳንዱ ሰው ያስቃል። «ማሳው እዚያ ሞልቶ!» ይሉኛል። ግን አስቡት። ቡና በተፈጥሮው የጫካ ልጅ ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የኖረው። ከመስኮት አንድ እርምጃ ገባ ያለ ለስላሳ ብርሃን ለሌላው ተክል ረሃብ ነው፤ ለቡና ችግኝ ግን ይመቸዋል። የቀጥታ የበጋ ፀሐይ እንዲያውም ቅጠሉን ያነጣዋል።

ዘሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከገበያ ጥሬ ቡና ገዝቶ ይተክላል። አይበቅልም። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ዓመታት አይቀመጥም፤ ደርቆ በሰነበተ ቁጥር ሕይወቱ ይወጣል። ጀንፈልም፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና፣ አይሆንም። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከዘመድ ማሳ በደንብ የቀላ እሸት ቡና ለቅማችሁ አምጡ። ቀዩን ልጣጭ አውጡ፣ ዝልግልጉን እጠቡ፣ ጥላ ውስጥ አጠፍፉ። ከዚያ ሳታቆዩ ዝሩ። ፍሬው ላይ የሚቀረውን ቀጭን ደረቅ ሽፋን በጥንቃቄ ብታነሡለት ይፈጥናል። ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ከላይ።

ከዚያ ትዕግሥት። አንድ ወር ምንም የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን ለሌላ ነገር ያውለዋል። ወር ተኩል፣ ሁለት ወር ሲሆን አንገቱን እንደ ደፋ ጎንበስ ያለ ግንድ ብቅ ይላል። ቀና ሲል ፍሬውን በአናቱ ተሸክሞ ይቆማል። በእጃችሁ አታውልቁለት። ራሱ ይጥለዋል፤ ከውስጡ ሁለት ክብ፣ ጠርዛቸው ሞገድ ሞገድ ያለ ቅጠሎች ይዘረጋሉ። እነዚህ ገና የቡና ቅጠል አይመስሉም። ትክክለኛው፣ ሾጠጥ ያለውና የሚያብረቀርቀው ቅጠል ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ችግኙ ዋና ሥሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይልካል። ዕቃው ጎድጓዳ ይሁን፤ አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ካለው ጥሩ ነው። ስታዛውሩት ሥሩ ከታጠፈ ችግሩ ወዲያው አይታይም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው ተክሉ ያለ ምክንያት የሚቀጭጨው። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ሥሩ የታጠፈውን ይጥሉታል።

ዝርያ መምረጥ ከቻላችሁ 74110ን ወይም 74112ን ፈልጉ። እነዚህ ከመልኮ፣ ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። 74 ማለት እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ እናት ዛፎቻቸው በኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ የተመረጡበት ዓመት። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያወድም ነበር በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ የተጀመረው። ለእኔ ግን የሚጠቅመኝ ሌላ ጸባያቸው ነው። ቅጠላቸው ትንንሽ፣ ቁመናቸው እጥር ምጥን ያለ ነው። ሳሎን ውስጥ ቅርንጫፉን ዘርግቶ በር የሚዘጋ ዝርያ ምን ያደርግልኛል?

ፍሬ ትጠብቁ ይሆናል። ማሳ ላይ እንኳ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ቤት ውስጥ ደግሞ ቅጠሉ ነው ትርፉ። እንግዳ የሚጠይቀው ግን ሁሌ ስለ ፍሬው ነው።

ስለ ተባይ። ክረምት ላይ ከአፈሩ ብድግ የሚሉ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ካያችሁ ውሃ አብዝታችኋል ማለት ነው። የላይኛው አፈር ይድረቅ፣ እጮቹ ይሞታሉ። ቢጫ ፕላስቲክ ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ አጠገቡ ብታቆሙ ትልልቆቹን ይይዛል። በበጋ የሚመጣው ደግሞ ቀይ ሸረሪት ነው። ቅጠሉ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ስስ ድር። ነጭ ወረቀት ላይ ቅጠሉን ስታራግፉት የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይወድቃሉ። ሻወር ቤት ወስዳችሁ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ እጠቡት፣ በየአራት አምስት ቀኑ ድገሙት። ለክሽክሽም፣ ቅጠሉ ላይ ተጠጋግተው ለሚሰፍሩት ጥቃቅን ተባዮች፣ ያው ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ማታ ርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ኦሞ አይሁን፤ ቅጠል ይፈጃል።

ለማሳ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መኝታ ቤት ውስጥ አይረጭም። ሲረጩ አይቻለሁ። ያውም ለሚበላ ቃሪያ። ለአንድ ዘለላ ክሽክሽ ብላችሁ ሳንባችሁን አትክፈሉ።

ቢጫ ቅጠል ፎቶ ለምትልኩልኝ፣ ከመላካችሁ በፊት ይህን እዩ። ቢጫ የሆነው የታችኛው፣ አሮጌው ቅጠል ነው? አፈሩም ደህና ከሆነ ርቦታል፤ ብስባሽ ጨምሩለት። አዲሱ ቅጠል ነው ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ደም ሥሮች ብቻ አረንጓዴ የቀሩት? ብረት ማግኘት አልቻለም፤ ብዙ ጊዜ አመድ የበዛበት አፈር ነው። ከላይም ከታችም ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ነው? እሱንማ ታውቁታላችሁ።

የሥጋ መጥበሻ ቅርንጫፍ የምትለምኑኝ ሰዎች፣ እሰጣችኋለሁ፣ ግን መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ኑ። ያኔ አየሩ ገና እርጥብ ነው፣ ብርሃኑም ተመልሷል። ያላበበ፣ ገና ያልጠነከረ የጣት ርዝመት ያለው ጫፍ እቆርጥላችኋለሁ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን መልጡና ግማሽ አሸዋ በሆነ አፈር ውስጥ ትከሉት። ብርሃን ያለበት ግን የቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አኑሩት። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሥር ማውጣቱን ለማየት እየነቀላችሁ አትመልከቱ። በሁለት ጣት ለስለስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት አልመጣ ካለ ይዟል።